መለኪያ ጨምሩልን

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ጉዳዩ፦ በእጅ የሚያዝ የመጠጥ መመርመሪያ ለተቆጣጣሪዎች እንዲገዛ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ግሮሰሪ አለኝ። ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ባንኮኒ፣ ከጀርባው መደርደሪያ። ቢራ፣ አረቄ፣ ጂን፣ ኡዞ እሸጣለሁ። ደመወዝ ሲወጣ ደግሞ ዊስኪ ይጠየቃል። ሥራው ላይ ዐሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። እኛ ቤት «መለኪያ ጨምሪልኝ» ከተባለ ያቺን ታቿ ወፍራም ትንሽ ብርጭቆ ሞልቼ አመጣለሁ። ዛሬ እኔ መለኪያ ጨምሩልን ስላችሁ ግን የምጠይቀው የሚለካውን መለኪያ ነው።

ከጎረቤቴ ልጅ ልጀምር። ስሙን አልጠቅስም፤ እናቱ አትወድም። ጥር ላይ የጓደኛው መልስ ነበር። አንዱ ሚዜ ከገበያው ዋጋ በግማሽ ያገኘውን ዊስኪ ይዞ መጣ። ጠርሙሱ ከነካርቶኑ፣ ክዳኑ ከነማሸጊያው። ጠጡ፣ ጨፈሩ፣ ተለያዩ። በማግስቱ ልጁ ተኝቶ ዋለ። እናቱ «ዞሮበት ነው» ብላ የአብሽ ውኃ ሰጠችው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በረንዳ ወጣና «ዛሬ ጉም ነው እንዴ?» አላት። የጥር ፀሐይ አናት ይበሳ ነበር።

ሐኪሞች ደረሱለት። ቀኝ ዓይኑ ያያል። ግራው ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። «ሜታኖል ነው የጠጣው» አሉን።

ከዚያ ጠርሙሱ ቀረ። ግማሽ ያህል መጠጥ አለው። «አንቺ መጠጥ ቤት አለሽ፣ ታውቂበታለሽ» ተባልኩና የማስመርመሩ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። በፌስታል ጠቅልዬ ዞርኩ። አንደኛው መሥሪያ ቤት «ያልታሸገ ናሙና አንቀበልም» አለኝ። የታሸገ ቢሆንማ ማን ይጠጣው ነበር? ሁለተኛው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ከድርጅት አምጪ አለኝ። ሦስተኛው ጋ ባለሙያው ሥልጠና ላይ ነው፣ ማሽኑም ዕቃ ይጠብቃል ተባልኩ። የመሥሪያ ቤቶቹን ስም አልጠራም። ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም፤ አንዷ እንዲያውም ሻይ ጋብዛኛለች። ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ መንገድ የማስበው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ካርቶን ዐሥራ ሁለት ጠርሙስ ይይዛል። ዐሥራ አንዱ የት ሄደ?

ስለ ሜታኖል ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። እናንተ ባለሙያዎች ስለሆናችሁ ላስተምራችሁ አልሞክርም። ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ የእኔ ቢጤዎች ስላሉ ግን ትንሽ ልበል። የምንጠጣው አልኮል ኢታኖል ይባላል። ሜታኖል የቅርብ ዘመዱ ነው። መልኩ ውኃ፣ ሽታውም ጣዕሙም አልኮል። ቀለም ማቅጠኛ ውስጥ፣ የመኪና መስታወት ማጠቢያ ውስጥ፣ በየፋብሪካው ይገኛል፤ ርካሽም ነው። ራሱ ሜታኖሉ ወዲያው አይገድልም። ጉበታችን ሲፈጨው መጀመሪያ ፎርማልዲሃይድ፣ ቀጥሎ ፎርሚክ አሲድ ያደርገዋል። ያ አሲድ ነው የዓይን ነርቭ የሚያቃጥለው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት። ስለዚህ ሰውየው እንደማንኛውም ሰካራም ቤቱ ገብቶ ይተኛል። ንጹሕ ሜታኖል ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንዲት መለኪያ የማይሞላ፣ ሰው ሊገድል ይችላል። የሚገርመው ማርከሻው ነው። ፎሜፒዞል የሚባል መድኃኒት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 አስፈላጊ መድኃኒቶች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። እሱ ከሌለ ሐኪሞች ራሱን ኢታኖልን ለክተው ይሰጣሉ። ጉበት ሁለቱ አብረው ከመጡበት ኢታኖሉን ያስቀድማል፤ ሜታኖሉ ሳይፈጭ ይቆያል። ታዲያ ይህ በሐኪም እጅ የሚሠራ ሥራ ነው። ቤት ውስጥ አረቄ እየደገሙ የሚሞከር ነገር አይደለም።

እንግዲህ ሰዓቱን አስሉት። መርዙ አንድ ቀን ይፈልጋል። ምርመራው ሦስት ሳምንት ፈልጎ አልደረሰም።

እኛ ባለ ግሮሰሪዎች መመርመሪያ የለንም ብዬ ልዋሽ አልችልም። አለን፤ ሁሉም የማይሠሩ ናቸው። አንደኛው እሳት ነው። አረቄ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ይደረግና ክብሪት ይጫርበታል፤ ሰማያዊ ከነደደ «ምርጥ ነው» ይባላል። ጎበዝ ነኝ ባይ ጣቱን ነክሮ ያቀጣጥላል። ሜታኖልም በሰማያዊ ነው የሚነደው፤ እንዲያውም ነበልባሉ ከመገርጣቱ የተነሳ በቀን ላይታይ ይችላል። ሁለተኛው ጠርሙሱን ወዝውዞ አረፋውን ማየት ነው። አረፋው ስለ አልኮሉ ብዛት ትንሽ ይናገር ይሆናል፤ የትኛው አልኮል እንደሆነ ግን አይናገርም። ሦስተኛው ዘመናዊ የሚመስለው ነው፦ ያ ተንሳፋፊ የመስታወት የአልኮል መለኪያ። አንድ ወዳጄ ገዝቶ በኩራት አሳየኝ። የሚለካው ፈሳሹ ከውኃ ምን ያህል እንደሚቀል ነው። የኢታኖል ክብደት በአንድ ሊትር 789 ግራም ገደማ፣ የሜታኖል 792 ገደማ ነው። መስታወቱ ይህን ልዩነት ከየት አባቱ ያውቀዋል? ግማሽ በግማሽ መርዝ የገባበትን መጠጥ «አርባ ፐርሰንት፣ ግሩም ነው» ብሎ ያሳልፈዋል።

የሚሠራው መሣሪያ ግን ዓለም ላይ አለ፤ እኔን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኼው ነው።

አንደኛው በብርሃን የሚሠራ ነው። ራማን ይባላል፣ በህንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ስም። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ ነገር አየ። ብርሃን ፈሳሽ ላይ ሲያርፍ አብዛኛው በመጣበት ቀለም ይመለሳል፤ እጅግ ጥቂቱ ግን ቀለሙን ትንሽ ቀይሮ ይመለሳል። የቀለሙ ለውጥ እንደ ሞለኪውሉ ይለያያል። ኢታኖል የራሱ አሻራ አለው፣ ሜታኖልም የራሱ። ዛሬ ይህን የሚያነብ መሣሪያ በአንድ እጅ ይያዛል። ሌዘሩ በመስታወቱ በኩል ስለሚገባ ጠርሙሱ ሳይከፈት ይመረመራል። ችግር ነበረበት፤ ዊስኪና ባለ ቀለም ጠርሙስ ራሳቸው ብርሃን ስለሚረጩ አሻራውን ይሸፍኑት ነበር። የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ሥራ ለዚህ መላ ያለው ነው። ብርሃኑ ከገባበት ነጥብ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚወጣውን የሚለቅም የእጅ መሣሪያ ተጠቅመው፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለን ሜታኖል ሰው ከሚጎዳበት መጠን በጣም ባነሰ ደረጃ ለይተዋል።

ሁለተኛው ለእኛ አገር ይበልጥ ይሆናል ባይ ነኝ። ዙሪክ ውስጥ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቁት ነው። ከመጠጡ ላይ የሚነሣውን ትነት ይስባል። ትነቱ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ፖሊመር፣ ማለትም ፕላስቲክ መሰል ነገር፣ ኢታኖልን ይዞ ያዘገየዋል፣ ሜታኖል ቀድሞ ይወጣል። ከበሩ ላይ የሚጠብቅ አነስተኛ ሴንሰር አለ፤ ቀድሞ የመጣውን ይለካል። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ ውጤቱም ስልክ ላይ ይታያል። በቀጣዩ ዓመት ከስድስት አህጉር በተሰበሰቡ 89 መጠጦች ላይ ሞክረውታል። በትነት ስለሚሠራ መጠጡ ጠቆረ፣ ደፈረሰ ደንታ የለውም። የጠጣውን ሰው ትንፋሽ ለመለካትም እንደሚያገለግል ጽፈዋል። የጎረቤቴ ልጅ ጤና ጣቢያ ሲደርስ በር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ስንት ሰዓት እናተርፍ ነበር?

ራማኑ ውድ ነው፤ አንዱ በአሥር ሺዎች ዶላር ሊያወጣ ይችላል። በየወረዳው ይገዛ የሚል ሰው አይደለሁም። ለአንድ ተንቀሳቃሽ ቡድን አንድ ይበቃል። ለሌላው ደግሞ ቀለም የሚቀይሩ ርካሽ መፈተሻዎች አሉ። የድሮው የላብራቶሪ ዘዴ ሜታኖሉን ወደ ፎርማልዲሃይድ ለውጦ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያወጣ ነው፤ ጠንካራ አሲድ ስለሚፈልግ በእኔ ቢጤ እጅ ባይገባ ይሻላል። በሠለጠነ ተቆጣጣሪ እጅ ግን ይሠራል። ደግሞም ነገሩ ለሙያችሁ እንግዳ አይደለም። የናይጄሪያው አቻችሁ ናፍዳክ የሐሰት መድኃኒት ለማደን የእጅ ራማን ይዞ ገበያ ከወጣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ክኒን የሚለይ ብርሃን ጂን መለየት አያቅተውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳይምታታ እፈራለሁ። «መርዝ ነው ወይ?» እና «ፎርጅድ ነው ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ፎርጅዱ እንዴት እንደሚሠራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቆራሌው ባዶ የዊስኪ ጠርሙስ ከቢራ ጠርሙስ አስበልጦ ይገዛል፤ ከነካርቶኑ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። ለምን ይመስላችኋል? ለጌጥ? እኔ ከዚያ ጥር ወዲህ የውጭ መጠጥ ሲያልቅ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በቢላ ፍቄ ነው የምጥለው። ውስጡ የሚገባው ብዙ ጊዜ የአገር ውስጥ አልኮል፣ ውኃና የተቃጠለ ስኳር ነው። ጠጪውን ይዘርፈዋል፣ ዓይኑን ግን አያጠፋውም። የሜታኖል መመርመሪያ ይህን «ንጹሕ» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከመመርመሪያው ጋር «ጸድቋል» የሚል ተለጣፊ እንዳይመጣብን አደራ። ሌባው ተለጣፊውንም ያትመዋል።

አሁን ወደ አረቄዋ ልምጣ፤ እናቴ አረቄ አውጪ ነበረች። ያደግኩት ድፍድፍ እየሸተተኝ ነው። ብቅሉ፣ ጌሾው፣ የተቆላው ዱቄት፣ ማሰሮው አፍ ላይ የሚገባው መቃ፣ በጭቃ የሚደፈነው ስንጥቅ፣ ታች ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ጠብታ የሚቀበለው ዕቃ። ተራውን ደግማ ስታወጣ ዳግም ይሆናል፤ ግማሽ ሊሆን የደረሰ አልኮል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ እሳቱን ስትመጥን ትዝ ይለኛል። አርሲ ነገሌ ብትሄዱ፣ ደብረ ብርሃን ብትሄዱ፣ ስንት እናት በዚህ ልጅ አስተምራለች።

አንድ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ግን ጣት የሚቀሰረው እነሱ ላይ ነው። ኬሚስትሪው አይደግፈውም። ሜታኖል በተፈጥሮ የሚበዛው ፔክቲን የሚባለው ሙጫ መሰል ነገር ከሚበዛበት ፍራፍሬ በሚወጣ መጠጥ ነው። ከእህል በሚወጣ አረቄ ውስጥ የሚገኘው ጥቂት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ ለፍራፍሬ አረቄዎች በአንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል እስከ 10 ግራም ሜታኖል ይፈቅዳል፤ አርባ ፐርሰንት በሆነ መጠጥ ሲሰላ 0.4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ሰው በጅምላ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የወጣ ሜታኖል በበርሜል ገዝቶ የሚደባልቅ ሰው ሲኖር ነው። እሱ ደግሞ ማሰሮም መቃም የለውም። በርሜልና ላስቲክ ቱቦ ይበቃዋል።

ኬንያን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የቤት ውስጥ አረቄያቸውን ቻንጋን ሕጋዊ አደረጉ። ጥሩ ነበር። በ2014 ግን ሜታኖል የገባበት መጠጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ70 በላይ ሰው ገደለ። ሕጉ ነበረ፣ ጠርሙሱን ሄዶ የሚለካው አልነበረም። ነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ኩዌት ውስጥ 160 ሰው ተመርዞ 23 ሞተ፤ ዓይናቸው የጠፋም አሉ። መጠጥ ክልክል የሆነበት አገር ነው። ከተጎዱት አብዛኞቹ የእስያ ሠራተኞች ነበሩ። የእኛም ልጆች በዚያው አገር በሺዎች ይሠራሉ፤ ዜናውን የሰማሁ ቀን ለእህቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ።

ስለዚህ አደራዬ ይህ ነው። መሣሪያው የተገኘ ቀን መጀመሪያ የአረቄ እናቶች ደጃፍ እንዳትወስዱት። ማሰሮ የተሰበረባት ሴት ሥራዋን አትተውም፣ ትደበቃለች። የተደበቀ ገበያ ደግሞ ለባለበርሜሉ ሠርግና ምላሽ ነው። መጀመሪያ ሜታኖል በበርሜል ከሚገባበትና ከሚሸጥበት ተነሡ፤ ገዥው ማን ነው፣ ምን ሊሠራበት ነው፣ ስንት ቀረው? ቀጥሎ ጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን። ከዚያ እኛ ጋ ኑ። እናቶቹ ጋ የምትሄዱት ከፈለጉ ሊያስለኩ ይሁን፤ «የእኔ ተለክቷል» ብላ ለመሸጥ የማትፈልግ ያለች አይመስለኝም።

ሌላው የምለው ለራሴ ጥቅም ነው፣ አልደብቅም። ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ሰዎች የፋብሪካ ሜታኖልና ኢታኖል እኩል ደባልቀው ለገበያ በተኑ። ከ40 በላይ ሰው ሞተ፤ ሁለቱም ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። መንግሥት የትኛው ጠርሙስ መርዝ እንደሆነ መለየት ሲያቅተው ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ ሁሉ በመላ አገሪቱ እንዳይሸጥ ከለከለ። ሁለት ሳምንት ገደማ። ሕይወት ለማትረፍ ልክ ነበሩ። እኔ ግን እንደ ነጋዴ ሳስበው፣ ሁለት ሳምንት መደርደሪያዬ ቢዘጋ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልልኛል? የሚለይ መሣሪያ የሌለው ተቆጣጣሪ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሁሉንም መዝጋት ወይም ሁሉንም ማለፍ። እኛ አገር የትኛው እንደሚመረጥ ታውቁታላችሁ፤ ስለ ሻይ አሁን አላወራም።

አይ፣ ላውራው። መሣሪያው መጥቶ ሻይ መጠጫ ከሆነ ባይመጣ ይሻለኛል። የተለካው ጠርሙስ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ ቁጥሩ እዚያው ስልክ ላይ ይመዝገብ፤ አንድ ቅጂ ለእኔ ይሰጠኝ። ውጤቱ ቀይ ከሆነ ጠርሙሱ በፊቴ ይታሸግና ለማረጋገጫ ወደ ዋናው ላብራቶሪ፣ በመጠጡ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለያይቶ ወደሚለካው ማሽን፣ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፊው ይሂድ። የእጅ መሣሪያ የሚጠረጥር እንጂ የሚፈርድ አይደለም። ያከፋፈለኝ ሰው ደረሰኝ ከሰጠኝ እሱ ይጠየቅ፤ ያለ ደረሰኝ ገዝቼ ከሆነ እኔው ልጠየቅ። እስከ ዛሬ ስንቴ ያለ ደረሰኝ እንደገዛሁ ግን እዚህ አልጽፍም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጁ፣ ቁጥር 1112/2011፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው እንዳልሸጥ ይከለክለኛል። የመጠጥ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያወረደውም እሱ ነው። እንቀበላለን፤ እኔ መታወቂያ እጠይቃለሁ። የደንበኛዬን ዕድሜ እንዳጣራ ካስገደዳችሁኝ የምቀዳለትን ነገር ማንነት እንዳጣራ ደግሞ አግዙኝ።

ያ ጠርሙስ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ክዳኑን በሻማ ደፍኜ፣ በወፍራም ፌስታል ጠቅልዬ፣ ማንም በስህተት እንዳይቀዳው «አይነካ» ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌበት ባንኮኒው ሥር የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ አለ። መሣሪያውን የገዛችሁ ቀን መሞከሪያ ናሙና ብትፈልጉ ደብዳቤም ማኅተምም አልጠይቅም። ከእሑድ በቀር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ክፍት ነን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የግሮሰሪ ባለቤት
አዲስ አበባ